የቆርኪ ሠራዊት

ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ አስመስሎ መጫወት በብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ከፍ ያለ ገንዘብ የሚወጣበት የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ተጫዋቾቹ ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ የወታደር፣ የፈረሰኛና የመድፈኛ ምስሎችን ከሱቅ ይገዛሉ፤ ምስሎቹን በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀባሉ፤ ከዚያም ኮረብታና ጫካ በተሠራለት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ በተጻፈ ሕግ መሠረት፣ ርቀቱን እየለኩ ያንቀሳቅሷቸዋል። ማን እንደ ተመታና ማን እንደ ሸሸ የሚወሰነው ደግሞ ስድስት ገጽ ያለውን ዳይስ በመጣል ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች መካከል ይበልጥ የታወቀው ዋርሀመር የሚባለው ሲሆን፣ ጌምስ ወርክሾፕ የተሰኘው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያቀረበው ነው። ዐሥር ያህል የፕላስቲክ ምስሎች የያዘ አንድ ሳጥን ከ30 ፓውንድ በላይ የሚሸጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ ሳጥን ደግሞ ሠራዊት አይሆንም፤ ቢበዛ ጓድ ቢባል ነው።

ስልክ በእጁ የያዘ ተማሪ በመልካሳም ሆነ በወንጂ፣ በአዳማም ሆነ በሞጆ ተቀምጦ የእነዚህን ምስሎች ፎቶግራፍ ለማየት ዛሬ አይቸገርም። ማየት አንድ ነገር ነው፤ ማግኘት ግን ሌላ ነው። አባቱ በመልካሳው የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ወይም እናቱ በአዋሽ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለማ ልጅ፣ ለቤቱ አስቤዛ በሚበቃ ዋጋ አንድ ሳጥን ፕላስቲክ ግዙልኝ ብሎ ሊጠይቅ አይገባውም፤ ቢጠይቅም አይገኝለትም። እንግዲህ በፊቱ ያሉት መንገዶች ሁለት ብቻ ይመስላሉ፤ ወይ እየተመኙ መኖር፣ ወይ ነገሩን መተው። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ማሳየት ነው፤ ይኸውም ሠራዊቱን በአካባቢው ከሚገኝ ነገር መሥራት ነው። እንዲያውም በእጅ የተሠራው ሠራዊት ገንዘብ ላጣ ሰው የተተወ ምትክ አይደለም፤ የጨዋታውን ቁም ነገር ከተገዛው ይልቅ አጥብቆ የሚይዘው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ እምነቴ የመጀመሪያውን ማስረጃ የማገኘው ከራሱ ከጨዋታው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ የተባለ ሰው ለፕሩሺያው ንጉሥ ለሦስተኛው ፍሪድሪኽ ቪልሄልም አንድ የጦርነት መለማመጃ ጠረጴዛ አበረከተ። ጠረጴዛው መሳቢያ የበዛበት፣ ኮረብታው፣ ወንዙና መንደሩ ቀለም በተቀቡ ገበታዎች እየተገጣጠመ የሚዘረጋ፣ እጅግ ያማረ ሥራ ነበር። ንጉሡና ልጆቹ በቤተ መንግሥት ውስጥ ተጫወቱበት፤ ተደሰቱበትም። ይሁን እንጂ እንደዚያ ያለውን ጠረጴዛ ለእያንዳንዱ ጦር ሰፈር ማን ይሠራለታል? ጨዋታው የቤተ መንግሥት ጌጥ ሆኖ ቀረ። ከ12 ዓመት በኋላ ግን የዚሁ ሰው ልጅ፣ የጦር መኰንን የነበረው ጌኦርግ ሃይንሪኽ ሩዶልፍ፣ ያማረውን ጠረጴዛ ትቶ በወረቀት ላይ የታተመ ካርታ ያዘ። የካርታው መጠን አንድ ለ8,000 ነበር። ሠራዊቱንም በትንንሽ ቀይና ሰማያዊ ቁራጮች ወከለው። የጦሩ ጠቅላይ ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ይህን ባየ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን፣ የጦር ትምህርት መሆኑን ተገነዘበ፤ በየክፍለ ጦሩም እንዲዳረስ ተደረገ። ልብ በሉ፤ ሠራዊቱን ያስተማረው ውዱ ጠረጴዛ ሳይሆን ርካሹ ወረቀት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ሌላ ምሳሌ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሲያሰጥሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ሊቨርፑል ውስጥ ጊልበርት ሮበርትስ በተባለ የባሕር ኀይል መኰንን የሚመራ አንድ አነስተኛ ክፍል ተቋቋመ። የክፍሉ ባልደረቦች በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። ባሕራቸው የክፍሉ ወለል ነበር፤ የመርከቦቹን መንገድ በጠመኔ ያሰምሩ ነበር፤ መርከቦቹም ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች ነበሩ። ተለማማጁ መኰንን እውነተኛ የመርከብ አዛዥ የሚያየውን ያህል ብቻ እንዲያይ በመጋረጃ ይከለልና በቀዳዳ ብቻ ወለሉን እንዲመለከት ይደረግ ነበር። ሰርጓጆቹ ከውጭ ሆነው የሚተኩሱ ሳይሆኑ በሌሊት በንግድ መርከቦቹ ሰልፍ መካከል ሾልከው የሚገቡ መሆናቸውን እነዚያ ሰዎች የደረሱበት በጠመኔና በእንጨት ነው። ለዚያ የሚሆን መከላከያ ስልትም ቀምረው ለመርከብ አዛዦች አስተማሩ። የጠመኔው ዋጋ ስንት እንደ ነበር የመዘገበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጦርነትን በገበታ ላይ መጫወት ለኢትዮጵያውያን ከቶ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰንጠረዥ በመኳንንቱ ዘንድ ለብዙ ዘመናት የተወደደ ጨዋታ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ከዝሆን ጥርስ በተሠሩ ከባድ ጠጠሮች ሲጫወቱ እንዳየ ጽፏል፤ በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ፣ አገልጋይ ሳይቀር፣ ይህን አንሣ ያንን ተው እያለ በጩኸት ይመክር እንደ ነበርም ያወሳል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለይባቸው ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው ወረራ የሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ሁለተኛው ደግሞ የአሸናፊነት ክብር ጉዳይ ነው። በደር ወይም በፈረስ የጠላትን ንጉሥ ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ ኀይለኛ መሣሪያ የያዘ ማሸነፉ ምን ይደንቃል? በመደቅ፣ ማለት ከሁሉ ታናሽ በሆነው ጠጠር፣ ወይም በፊል ማት ያደረገ ግን ይከበር ነበር። የአበው ሚዛን ይህ ከሆነ፣ በቆርኪ የሚዋጋ ልጅ በፕላስቲክ ከሚዋጋው ፊት የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ብዛት ያለውና ምንም የማያስወጣ ወታደር ነው። ይህም የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። በየመንደሩ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ከማንም ቀድመው ዐውቀውታል፤ አንደኛው ወገን ቆርኪውን በጀርባው፣ ሌላኛው በሆዱ ያስቀምጣል፤ በዚህም ያለ ቀለም፣ ያለ ብሩሽ ሁለት ሠራዊት ይለያል። የጠረጴዛውም ሠራዊት ከዚህ ሊጀምር ይችላል። በቆርኪው ሆድ ውስጥ ክብ ወረቀት ቆርጦ በዱቄት ሙጫ ቢለጥፉበት፣ የክፍሉን ስምና ቍጥር ለመጻፍ ይመቻል። ፈረሰኛውን ከእግረኛው ለመለየት ከአሮጌ ሽቦ የታጠፈ ምልክት ይበቃል፤ መድፍም በአንድ የክብሪት እንጨትና በሁለት አዝራር ይሠራል።

እጁ የሚታዘዝለት ልጅ ደግሞ አዛዦቹን ከጭቃ ሊሠራቸው ይችላል። በገጠርም በከተማም ያሉ ልጆች ከጭቃ በሬ፣ ላምና ፈረስ ሲሠሩ የኖሩ ናቸውና ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። የአዋሽ ዳርቻ አፈር ለዚህ ምቹ ነው። ጭቃውን ለማምጣት ግን ወንዙ ጠርዝ ድረስ መውረድ አያስፈልግም፤ አዋሽ አዞና ጉማሬ የሚኖሩበት ወንዝ ነው። ጭቃው ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ ሸክላ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት ከተሰበረ ሸክላ የተወቀጠ ገል ሊቀላቀልበት ይገባል። ምስሉም በፀሐይ ሳይሆን በጥላ፣ ቀስ ብሎ ሊደርቅ ይገባዋል። በኩበት እሳት የሚተኮሰው ከዚህ በኋላ ነው። ቀለሙ ከከሰል፣ ከኖራና ከቀይ አፈር ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ይላል። በውጭ አገር ለረጅም ጊዜ የመጫወቻ ወታደሮች ይሠሩ የነበሩት ከእርሳስ ብረት ነበር፤ እንዲያውም የእንግሊዙ ብሪቴንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1893 ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር ማውጣቱ ዋጋውን ዝቅ አድርጎት ነበር። ይህን የሰማ ልጅ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ አውጥቶ ላቅልጥ እንዳይል። የእርሳስ መርዝ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የባትሪውም አሲድ ሥጋን ያቃጥላል። ጭቃ ይሻላል።

ሠራዊት ብቻውን ምንም አይደለም፤ የሚዋጋበት ምድር ያስፈልገዋል። በዚህ ረገድ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ከሌላው ሁሉ የታደሉ ናቸው። በአዳማና በአካባቢዋ ለብሎኬት መሥሪያ የሚቆፈረው ፑሚስ የተባለው ነጭ ድንጋይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ ሲሆን፣ እጅግ ቀላል በመሆኑ በቢላዋ ሊጠረብ ይችላል። ገደሉንና አምባውን ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ነገር ውድ ገንዘብ ከፍሎ እንኳ አይገኝም። ድንጋዩ በሚጠረብበት ጊዜ ብናኙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ በውኃ ማርጠብና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። ሜዳው በአሮጌ ካርቶን፣ ወንዙ በሰማያዊ ክር፣ መንገዱ በጠመኔ ይሆናል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በአንድ እውነተኛ ጦርነት ላይ እንመልከተው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በተደረገው ጦርነት የጣሊያን ሠራዊት ቍጥር ወደ 17,700 ይጠጋ ነበር፤ 56 መድፎችም ነበሩት። የኢትዮጵያ ሠራዊት ደግሞ ወደ 100,000 እንደሚደርስ ይገመታል። አንድ ቆርኪ 500 ሰው ቢወክል፣ ለጣሊያን 35፣ ለኢትዮጵያ 200 ቆርኪ ያስፈልጋል፤ በድምሩ 235 መሆኑ ነው። ይህን ያህል ምስል በሳጥን ከሚገዛው ዐይነት ልግዛ የሚል ሰው ከ20 ሳጥን በላይ መግዛት አለበት፤ ከላይ በጠቀስነው ዋጋ ብናሰላው ወጪው ከ600 ፓውንድ ያልፋል። ለቆርኪው ግን አንድ ሻይ ቤት ወይም ግሮሰሪ ባለቤቱን አስፈቅዶ ጥቂት ቀን መመላለስ ይበቃል። የቀረው ወጪ፣ ማለት ዱቄቱ፣ ክሩና ጠመኔው፣ ከአንድ ደብተር ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

ርቀቱንም እንዲሁ። አንድ ኪሎ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ይወከል። እግረኛ ወታደር በሜዳ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል ብንል፣ እያንዳንዱ ተራ ሩብ ሰዓትን ቢወክል፣ ቆርኪው በአንድ ተራ 10 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ በተራራ ላይ 5 ብቻ። ለዚህ የሚያስፈልገው የተማሪ ማስመሪያ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ማን ምን ያውቃል የሚለው ጉዳይ ነው። ጄኔራል ባራቲየሪ ሠራዊቱን በአልቤርቶኔ፣ በአሪሞንዲ፣ በዳቦርሚዳና በኤሌና በሚመሩ አራት ብርጌዶች ከፍሎ በሌሊት አዘመተ። የያዘው ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ በትክክለኛ ስፍራው ስላላሳየ፣ አልቤርቶኔ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ፊት ራቀ፤ በብርጌዶቹ መካከል የተከፈተውም ክፍተት ለኢትዮጵያ ሠራዊት መግቢያ ሆነ። ዳቦርሚዳም በበኩሉ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወርዶ ከሌሎቹ ተቈረጠ። ይህን በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ በሁለት መስመር አንብቦ ማለፍ ይቻላል። በጠረጴዛ ላይ ግን አራት ተማሪዎች የአራቱን ብርጌድ አዛዦች ቦታ ይዘው እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ቢከለከሉ፣ መልእክታቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ለዳኛው ቢሰጡና ወረቀቱ ከሁለት ተራ በኋላ ቢደርስ፣ ዳኛውም የተሳሳተውን ካርታ ቢያድላቸው፣ አንድ ሠራዊት ባለበት ቆሞ እንዴት እንደሚጠፋፋ በዐይናቸው ያዩታል። ለዚህ ትምህርት ያማረ ምስል ምን ይጨምራል? ወረቀትና ዳኛ ይበቃሉ።

የብዙ ጨዋታዎች ትልቁ ጉድለት ስንቅ የሚባለውን መርሳታቸው ነው። የሳጥኑ ወታደር አይበላም፤ አይጠማም። በእውነተኛው የዐድዋ ዘመቻ ግን የአጼ ምኒልክ ሠራዊት ስንቁ እያለቀበት ነበር፤ የባራቲየሪም ስንቅ የጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ማን ቀድሞ ይርበዋል የሚለው ጥያቄ ማን ቀድሞ ይተኩሳል ከሚለው አላነሰም። በመልካሳ ይህን በጠረጴዛ ላይ ለማምጣት የሚያስችል ነገር ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቦሎቄ ዝርያዎች መካከል አዋሽ 1 የተባለው ነጭ፣ ናስር የተባለው ደግሞ ቀይ ነው። ነጩ ለአንዱ ወገን፣ ቀዩ ለሌላው ስንቅ ይሁን። እያንዳንዱ ቆርኪ በየቀኑ አንድ ፍሬ ይበላል። የኢትዮጵያ ሠራዊት 200 ቆርኪ ስለሆነ በቀን 200 ፍሬ፣ በአምስት ቀን 1,000 ፍሬ ያልቅበታል። የአዋሽ 1 ፍሬ ትንሽ በመሆኗ አንድ ሺው ፍሬ ከሩብ ኪሎ ብዙም አይርቅም። ክምሩ በየቀኑ ሲጎድል ያየ አዛዥ፣ ምሽግ ውስጥ የተቀመጠን ጠላት መጠበቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። ጨዋታው ሲያበቃ ቦሎቄው ታጥቦ ወደ ድስት ይግባ፤ እህል አይጣልም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው ከተጫዋቾቹ ወገን የሚመጣ ነው። የምስሉ ውበት የጨዋታው ግማሽ ነው፤ አንድን ወታደር ለሰዓታት ጎንበስ ብሎ መቀባት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ቆርኪ ይህን ሁሉ ያስቀራል ይላሉ። ይህ አባባል እውነት አለው። በጥንቃቄ የተቀባ ምስል ያማረ ነው፤ እኔም ቢሰጡኝ አልጠላም። ነገር ግን ውበቱ የሚገኘው ከመቀባቱ እንጂ ከመግዛቱ አይደለም። ከጭቃ የተሠራውን ራስ አሉላን በከሰልና በኖራ የቀባ ልጅ ያንኑ ትዕግሥት ለምዷል፤ በተጨማሪም ምስሉን ከምንም አንሥቶ ቅርጽ ሰጥቶታል። ከሳጥን የወጣው ምስል ፊቱ አስቀድሞ በሌላ ሰው የታሰበ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ እንደ ቀላል ሊታለፍ አይገባም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገው ጦርነት ስንቱን ቤት እንዳጎደለ እያወቅን፣ ከዚያም ወዲህ በየስፍራው የሰው ደም መፍሰሱን እየሰማን፣ ልጆችን ጦርነት ማጫወት ተገቢ ነውን? የሚል ወላጅ ቢኖር ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ ወለል ላይ የወታደር ጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ የመጫወቻው ጦርነት ከእውነተኛው እጅግ የተሻለ እንደ ሆነ፣ ትንሹን የተጫወተ ሰው የትልቁን ጦርነት ሞኝነት እንደሚረዳ ተከራክሮ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ስለዚህ ጨዋታ ብቻውን ሰላም ያመጣል ብዬ አልከራከርም፤ የዌልስ ተስፋ እንዴት እንደ ሆነ ታይቷል።

የእኔ መልስ ከዚህ የተለየ ነው። ጦርነትን ቀላል የሚያደርገው መጫወቱ ሳይሆን ሒሳቡን መደበቁ ነው። በስልክ ላይ የሚተኰሰው ሰው ወድቆ ወዲያው ይጠፋል፤ ሬሳውም አይታይም፤ ከደቂቃ በኋላም ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል። በምናወራለት ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ቆርኪ ሲነሣ 500 ሰው መነሣቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ። ቆርኪውን ያጣው ወገን ከተራው በፊት በመዝገብ ላይ በገዛ እጁ፣ በፊደል እንጂ በአኃዝ ሳይሆን፣ አምስት መቶ ሰው ብሎ ይጻፍ፤ የየት አገር ሰዎች እንደ ነበሩም ይጨምርበት። የጎጃም፣ የሸዋ፣ የወሎ፣ የሐረር፣ የትግራይ እያለ ይመዝግብ። የጣሊያኑ ወገን መዝገብ ላይም የሲሲሊያና የፒየሞንቴ ገበሬ ብቻ አይደለም የሚሰፍረው፤ የአልቤርቶኔ ብርጌድ በአብዛኛው የኤርትራ አስካሪዎች የነበሩበት ነው፤ የእነርሱም የልጅ ልጆች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ይህን በጨዋታው መካከል ደጋግሞ መጻፍ ያሰለቻል። ይሰልች፤ ድልን ለመቁጠር የሚቸኩል እጅ ትንሽ ቢዘገይ አይከፋም።

ከዚህ ጋር አንድ ወሰን እንዲከበር እጠይቃለሁ። ቆርኪው የሚወክላቸው ሰዎች እናቶች ዛሬም ጥቁር ለብሰው የሚሄዱበትን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ ማውጣት አግባብ አይመስለኝም። በአንድ ክፍል ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ተማሪዎች ወንድማቸውን በተለያየ ወገን አጥተው ሊሆን ይችላል። ዐድዋ ይበቃል፤ ሰገሌም አለ፤ ከዚያ የራቀ ከተፈለገ የአሕመድ ግራኝ ዘመን አለ። የቅርቡ ለታሪክ ጸሐፊዎችና ለሐዘንተኞች ይቆይ።

ይህን የመሰለ ሥራ ለመጀመር የሚፈልግ የትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ በ235 ቆርኪ እንዲጀምር አልመክርም። ከዐድዋ በፊት የመቐለው ምሽግ አለለት። ጥር 1888 ዓ.ም. ማዦር ጋሊያኖ ይዞት የነበረው የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ወታደሮች በእኛ መለኪያ ሦስት ቆርኪ አይሞሉም። በጀግንነት የተሞከረው ጥቃት ምሽጉን አላስለቀቀውም፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ በተያዘ ጊዜ ግን ከውስጥ ያሉት በጥም ተሸንፈው ለቀቁ። ለዚህ ጨዋታ የሚያስፈልገው ሦስት ቆርኪ፣ አንድ የፑሚስ አምባ፣ ለከባቢው ሠራዊት የሚሆን ጥቂት እፍኝ ቆርኪ፣ አንድ እፍኝ ቦሎቄና በጠርሙስ ክዳን የተለካ ውኃ ነው። ከዚህ ውኃ ምሽጉ በየተራው አንድ ክዳን ይጠጣል። የእቴጌይቱን ቦታ የሚይዝ ተጫዋች ሲመረጥ ወንዶቹ ልጆች ብቻ ጠረጴዛውን ከበው እንዳይቀሩ መምህሩ ይጠንቀቅ፤ በሊቨርፑሉ ወለል ላይ ጠመኔውን የያዙት እነማን እንደ ነበሩ ከላይ ተነግሯል። ዳኛውም ምንጩ ከምሽጉ ግንብ ውጭ መሆኑን በካርታው ላይ ብቻ ያሳይ እንጂ በቃሉ አይናገር።